እስፔንን ላፍቶ ድረስ ያመጣት መምህር

የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ሰኞ ጠዋት በበሬ እያለፈ "መምህር ዘሪሁን አርፈዋል፣ ቀብር ሀና ማርያም በስምንት ሰዓት" ሲል ሰምቼ ነፍስ ይማር አልኩና ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ። የትኛው ዘሪሁን ነው ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ዘሪሁን እንደሆነ በየሰፈሩ ሞልቷል። ጡሩንባ ነፊውም ሰው ከቤቱ አልወጣለት ሲል ነገሩ ገባውና ተመልሶ መጣ። "ኧረ መምህር እስፔን! የሞቱት መምህር እስፔን ናቸው!" ሲል ቢላዬን ጥዬ ወጣሁ። ጎረቤቱም እንዳለ ወጣ። ኮንዶሚኒየሙ ላይ አዲስ የገቡት ልጆች ግን "የውጭ አገር ሰው ነው እንዴ የሞተው?" ብለው ጠየቁ አሉ።

እንግዲህ ጻፊልኝ ልጄ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንቺ ቆጥረሻል። ያልኩሽን እንዳልኩሽ አድርጊው እንጂ አታሳምሪብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ላፍቶ ያኔ ጤፍ ናት፣ ጎመን ናት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ናት። ቤቱ ተራርቆ ነው ያለው፤ ቀበሌ ግን የትም ብትሆኚ ያገኝሻል። በሳምንት አንድ ቀን እኛ ሴቶቹ ውይይት ነበረብን። ውይይት ማለት አንድ ሰው መጽሐፍ ያነብልናል፣ እኛ ተደርድረን እንሰማለን፣ መጨረሻ ላይ ግራ እጃችንን አንስተን ይውደም የተባለውን እናወድማለን። የቀረች ሴት ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታገኝም። ስለዚህ የሚቀር የለም።

አንባቢያችን መምህር ዘሪሁን ነበር። ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ ሰው ነው። ሚስት የለውም። ከእናቱ ከእማማ ብርቄ ጋር ነው የሚኖረው፣ እማማ ብርቄ ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ጠዋት ፊታቸውን አጥቦ፣ ጸጉራቸውን አበጥሮ፣ ቁርሳቸውን አጉርሶ ነው ወደ ሥራው የሚሄደው። "ወንድ ልጅ ጸጉር ሲያበጥር!" ብለው የሚስቁበት ነበሩ። እሱ ምን ግዱ! "ሹሩባውንም ብችልበትማ መቼ መምህር ሆኜ እቀር ነበር" ይላቸዋል።

አንድ ቀን ስለ ኢምፔሪያሊዝም ያነብልናል። ግማሿ ጥጥ ትፈትላለች፣ ግማሿ ታንቀላፋለች። አደ ጫልቱማ ታንኮራፋለች። አደ ማለት በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ጫልቱ የላፍቶ የጥንት ሰው ናት፣ የገበሬ ልጅ፣ ወንዙ ዳር ያለው ጎመን ሁሉ የሷ ነበር። መምህሩ ቀና ብሎ አየን። መጽሐፉን ዘጋና ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"የአንድ ቤት ታሪክ ልንገራችሁ?" አለ።

ተረት ነው ብለን ሁላችንም ነቃን።

"ይሄ የደረት ኪስ እስፔን የሚባል አገር ነው። ያ እጅጌ ደግሞ ከባህር ማዶ ያለ፣ እስፔኖች ያላወቁት አገር ነው። መሐሉ ውሃ ነው። እዚህ ኪስ ውስጥ መጀመሪያ የተጎራበቱ ሁለት መንግሥታት ነበሩ። የአንዱ ወራሽ ወንድ፣ የሌላው ሴት። ተጋቡና ሁለቱ ማሳ አንድ ሆነ።"

"ወዳ ነው ተጠልፋ?" አለች አንዷ ከኋላ።

"ወዳ ነው። እንዲያውም ከወንድሟ ተደብቃ።"

"አበጀች!"

እንዲህ ብለን ገባንበት። ንግሥቲቱ ላንድ መርከበኛ መርከብ ሰጠችው፣ መርከበኛው በእጅጌው በኩል አዲስ አገር አገኘ። ኋላ እዚያ አገር ሆዱ ብር የሆነ ተራራ ተገኘ። "የሚቆፍረውስ ማነው?" አለች አደ ጫልቱ፣ እንቅልፏ የት እንደገባ እንጃ። "ያገሬው ሰው። በግድ። ገብቶ ሳይወጣ የሚቀረው ይበዛል" አላት። ያን ቀን ማንም ሳያዘን ነው ይውደም ያልነው።

ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ብሩ በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ አሳየን። ሳንቲም ከእጅጌው አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተተና "ሀብታም ሆኑ?" አለን። "ሆኑ!" አልነው። ኮቱን ከፍ ሲያደርገው ሳንቲሙ ኪሱ በተቀደደበት ሾልኮ ጠረጴዛው ሥር ቅጭል አለ።

"የት ገባ?"

"ወደቀ!"

"ጦርነት በላው፣ ወለድ በላው። በዚህም በዚያም አገር ይዋጋሉ፣ ለጦሩ ይበደራሉ። ብሩ ደክሞት ሲደርስ አንድ ሌሊት የሚያድርበት ቤት የለውም፣ አበዳሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።"

ኪሱ መቀደዱን አውቆ ነው ሳያውቅ፣ እስከዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ሚስት የሌለው ሰው ነው ብዬ አዘንኩለትና በነጋታው ኮቱን ተቀብዬ ሰፋሁለት። ለካስ ጥፋት ኖሯል! በሚቀጥለው ውይይት ሳንቲሙ አልወድቅ አለው። ኪሱን አራገፈ፣ ገለበጠ፣ ወይ ፍንክች። "ወይዘሮ ትርፌ" አለኝ በሰው ፊት፣ "ታሪኬን ሰፉብኝ እኮ!"

ታሪኩ ወደ ውድቀቱ ሲዞር ደግሞ እኛ ነን አስተማሪዎቹ። የእስፔን ነገሥታት መስኖ የሚያውቁትን ገበሬዎች አያቶቻችሁ እስላም ነበሩ ብለው ካገር አባረሩ፣ ማሳው ጦም አደረ ሲለን አደ ጫልቱ ተነስታ ቆመች። "ገበሬ አባረው ምን ሊበሉ ነው? ብር ሊቆረጥሙ?" አለች። "ይኸው ነው! ይኸው ነው!" አለ መምህሩ እየዘለለ። ቀጥሎ ግን ሥልጣኑ ከቤት እንዳይወጣ ብለው ዘመድ ከዘመድ ይጋቡ ነበር፣ እንዲያውም አንዱ አጎት የእህቱን ልጅ አገባ ሲል አዳራሹ ተደበላለቀ።

"የእህቱን ልጅ?!"

"ኧረ ስምንተኛው ሺህ!"

"ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ?"

"ሰባት ቀርቶ ሁለትም አልቆጠሩ" አለ እየሳቀ። "የመጨረሻው ንጉሥ አገጩ ረዝሞ ማላመጥ አቃተው። ልጅ ሳይወልድ ሞተና የሌላ አገር ዘር ዙፋኑን ወረሰው።"

አለቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕዳው ቢል፣ ስለ ጦርነቱ ቢል፣ ስለ መደብ ትግል ቢል የሚሰማው የለም። እስፔን የወደቀችው ሰባት ቤት ስላልቆጠረች ነው፣ በቃ። የሰፈሩ ቋንቋም ተለወጠ። ድንገት ያለፈለት ሰው ስናይ "መርከቡ ገባለት" እንላለን። ሲጠጣና ሲያባክን ካየነው ደግሞ "ኪሱ ተቀደደ" እንላለን። ቤቱ ሲፈርስ "እስፔን ደረሰ" ይባላል። ትልልቆቹን ሹሞችም እንደዚያ እንል ነበር፣ በሹክሹክታ ነው ታዲያ።

ማታ ማታ ደግሞ ያችኑ ታሪክ ለእናቱ ይነግራቸዋል። እማማ ብርቄ ከኛ በላይ ያውቋት ነበር።

አንድ ክረምት ላይ መምህሩ ዝውውር መጣበት። ከመስከረም ጀምሮ ሩቅ ክፍለ ሀገር፣ አውቶቡስ ቀናት የሚሄድበት ቦታ ሄደህ ታስተምራለህ ተባለ። እናቱን ይዞ እንዳይሄድ መንገዱን አይችሉትም። ጥሎ እንዳይሄድ ማን ጸጉራቸውን ያበጥራል? እኛ ጎረቤቶቹ እንይዛቸዋለን ብንለው ሳቁ ጠፋ። "በእጄ ለምዳለች፣ በሌላ ሰው እጅ አትጎርስም" አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም ሞክሬ እንቢ ብለውኛል።

የቀበሌው ሊቀመንበር መልካም ሰው ነበር። "ለመስከረሙ የአብዮት በዓል የኢምፔሪያሊዝምን ውድቀት የሚያሳይ ድራማ አዘጋጅ። ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው የሚመጣው ጓድ ከወደደው፣ ይሄ ሰው ለኪነት ቡድኑ ያስፈልገናል ብሎ ያስቀርልሃል። ካልወደደው ግን የኔ ቃል ብቻውን አይበቃም" አለው።

መምህሩ የሚያውቀው ኢምፔሪያሊዝም ያው አንድ ነው። እስፔንን በድራማ አደረጋት።

ቁመቴ ረዥም፣ ድምፄም ወፍራም ነው ብሎ ኃይለኛውን ንጉሥ ለኔ ሰጠኝ። ያ ንጉሥ የዓለምን እኩሌታ ከወንበሩ ሳይነሳ በወረቀት ነበር የሚገዛው፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈርም ነው የሚውለው አለኝ። "እንዴት አድርጌ?" ስለው "ዝም ብለው ይጫሩ ወይዘሮ ትርፌ፣ ማን ቀርቦ ያያል" አለ። ይኸው ፊደል ያልቆጠርኩት ሴት ወረቀት ወዳዱን ንጉሥ ሆንኩልሽ። የሙሽራ ካባ ተዋስን። ዘውዴ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፣ ጢሜ ከሰል ነው። መርከባችን የአደ ጫልቱ ላሞች የሚጠጡበት ገንዳ ነው። እሷ እራሷ የመጨረሻው ንጉሥ፣ ያ ማላመጥ ያቃተው ሆነች፣ አገጯን እንዲህ እያወጣች ስትለማመድ ሆዳችን እስኪያመን ነው የሳቅነው። መልእክተኛው ጋሽ ሞላ የቀበሌው ዘበኛ ነው።

የተጣላነው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ንጉሡ ያን ሁሉ መርከብ፣ ያን ሁሉ ልጅ ሌላ አገር ሊወጋ ሰደደ፣ ማዕበል መታቸው። መልእክተኛው መርዶውን ሲነግረኝ ፊቴን ሳልለውጥ ወደ ፊርማዬ እንድመለስ ነው የታዘዝኩት።

"ይሄንን አልጫወትም" አልኩት። "የሰው ልጆች ባህር ገቡ ተብሎ ፊቱ የማይለወጥ ሰው የለም።"

"ወይዘሮ ትርፌ፣ ታሪኩ የሚለው እንደዚያ ነው። ንጉሡ ቻለው።"

"ቻለው ነው ወይስ ግድም አልሰጠው?"

"እሱን ማንም አያውቅም" አለኝ። "ሆዱ ገብቶ ያየ የለም።"

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከከፍተኛው የመጣው ጓድ ካኪ ለብሶ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ፊት ተቀምጧል። እማማ ብርቄን ደግፈን አምጥተን ከሱ ብዙም ሳይርቁ አስቀመጥናቸው። የልጃቸው መቅረት አለመቅረት የሚለየው በዚያ ቀን መሆኑን ያውቃሉ። መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ ላቡ ይንጠባጠባል፣ እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። "እንዳትስቁ። አደራ፣ መሐል ላይ እንዳትስቁ" ይለናል።

ሠርጉ ላይ ገና ሙሽሪት ስትወጣ አዳራሹ እልልታውን አቀለጠው። ኢምፔሪያሊዝም ሲያገባ እልል ተባለለትልሽ! ጓዱ ዞር ብሎ አየ። ብሩ መጣ፣ ኪሱ ተቀደደ፣ ሳቁም አልቀረ። ከዚያ እኔ ወጣሁ። ጫርኩ፣ ጫርኩና ልጆቹ ይዝመቱ ብዬ አዘዝኩ። የኪነት ልጆቹ ተሰልፈው በመሐል መተላለፊያው አድርገው በበሩ ወጡ። ያን ክረምት የሰፈሩ ልጆች ለብሔራዊ ውትድርና በመኪና ተጭነው ሄደዋል። የኔም ታናሽ ወንድም ሄዷል። የኪነት ልጆቹ እንደነሱው ነው የወጡት፣ አንዱ እንዲያውም ዞር ብሎ እጁን አውለበለበ። ማን እንደዚያ አድርግ እንዳለው እንጃ።

ጋሽ ሞላ ጠመንጃውን እንዳነገተ እየሮጠ ገባ። ንጉሥ ሆይ ነበር ማለት ያለበት። ልማድ ክፉ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆመና "ጓድ ንጉሥ!" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሳቁ ሳያልቅ ቀጠለ፦ "መርከቦቹን ማዕበል መታቸው። ልጆቹ አልተመለሱም።"

ሳቁ ቀጥ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እማማ ብርቄ "ወይኔ ልጆቼን!" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው። ከኋላ አንዷ ተነሳች፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ደረት ተመታ፣ ነጠላ ታጠቁ። ሰማይ ቤት የሚደርስ ልቅሶ ሆነ፣ የሄደ ልጅ የሌላት እናት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብትፈለግም አትገኝ። እኔ ፊቴን እንዳልለውጥ ታዝዣለሁ፣ የመምህሩ መቅረት በኔ እጅ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጫርኩ። እጄ ይጭራል፣ እንባዬ ይወርዳል። የከሰሉ ጢሜ ታጥቦ የሙሽራዋን ካባ አጠቆረው።

መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ ወጣ። አለቀልኝ ያለ ሰው ፊት ነው ፊቱ። እንደ ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሁለት እጁን አነሳና "ይበቃል! ይበቃል እናቶች! እግዜር ያጥናችሁ፣ ተቀመጡ!" አለ። እግዜርን በዚያ አዳራሽ! ግን በቃ ሲባል ይበቃል፣ ለቅሶ ሥርዓት አለው። ሁሉም ተቀመጠ። የቀረው ንፍሮው ብቻ ነው።

ጓዱ ተነሳ።

"ይሄ ልቅሶ ድርሰቱ ውስጥ አለ?" አለ።

አለ ቢለው ይድን ነበር። "የለም" አለ መምህሩ።

"ታዲያ ለኢምፔሪያሊስት ነው የሚለቀሰው? እርስዎ እማማ፣ መጀመሪያ የጀመሩት እርስዎ ነዎት። ለዚያ ንጉሥ ነው ያለቀሱት?"

"ለንጉሡማ ምን በወጣኝ" አሉ እማማ ብርቄ። "ለቀዛፊው ነው እንጂ። ቀዛፊው እናት የለውም?"

"ድራማውን የደረሰው ልጅዎ አይደለም እንዴ? መርከቡ እንደሚሰምጥ ያውቁ የለ?"

"ሞትን የማያውቅ ማን አለ የኔ ልጅ? ታውቆ አይደል የሚለቀሰው።"

ጓዱ መነጽሩን አወለቀ፣ በመሐረብ ጠረገው፣ ዓይኑንም አብሮ ጠረገው፣ እኔ ከዙፋኔ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ድምፁም ተመለሰለት። "ቀዛፊ ማለት የተጨቆነው መደብ ነው" አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። "እናቶች ያለቀሱት ለተጨቆነው መደብ ነው። ይሄ... ይሄ የንቃት ምልክት ነው!" ሊቀመንበሩ ቶሎ ብሎ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። "ለመሆኑ ከዚህ ድራማ ምን ተማራችሁ? እስፔን በምን ምክንያት ወደቀች?"

አደ ጫልቱ ተራዋን ስትጠብቅ ከመጋረጃው ኋላ ሰልችቷታል። አገጯን እንዳወጣች፣ ጢሟን እንደተቀባች ብቅ አለች። "ሰባት ቤት ስላልቆጠሩ ነው ጓድ! እኔስ መቼ ነው የምሞተው? ጥጆቼ ሊጠቡ ነው!" አለች።

የዚያን ጊዜ ጓዱ ራሱ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ድራማው በሌሎቹም ቀበሌዎች ይዙር፣ መምህሩም ይዞት ይዙር ብሎ አዘዘ። መምህሩ ቀረ። ጓዱ ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ "ልቅሶው እንዳይቀር" አለ።

ሲቀጥል ይሄ ሆነብን ጭንቀቱ። በትእዛዝ እንዴት ይለቀሳል? ሁለተኛው ቀበሌ የሄድን ዕለት መንገዱን ሙሉ "እዚህ ማን ያውቀናል፣ ማን ያለቅስልናል" እያልን ነው የሄድነው። መምህሩ እንባ ቢመጣልኝ ብሎ የሞቱ አክስቶቹን እየቆጠረ ነበር። ጋሽ ሞላም ጓድ ንጉሥ እንዳይል አፉን ሲያለማምድ ዋለ። ምን ያደርጋል፣ ገና "ልጆቹ" ከማለቱ አዳራሹ በልቅሶ ተናጠ። በሦስተኛውም እንደዚያው። እናት የሌለበት ቀበሌ የለም ለካ። ወሬው ላይኛዎቹ ጋ ሲደርስ ድራማው ይብቃ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ግን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከርሟል፣ ያ የሩቁ ቦታም ሌላ ሰው ገብቶበታል። ዝውውሩን ያነሳው የለም።

እማማ ብርቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖሩ። በልጃቸው እጅ ጎረሱ፣ በልጃቸው እጅ ተበጠሩ። አንድ አርብ ከሰዓት ታመዋል ሲሉኝ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ደክመዋል፣ ድምፃቸው ቀጥኗል። መምህሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጃቸውን ይዞ ያችኑ ታሪክ ይነግራቸዋል። መርከቦቹ መልሕቃቸውን አንስተዋል፣ ልጆቹ እየቀዘፉ ነው።

"ዛሬ አይስመጡ" አሉት።

በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ። ይሄ ሰውዬ እኮ እኛ የአንዱን ንጉሥ ነገር ለሌላው ስንሰጥ እንኳን ምግብ አይዋጥለትም ነበር። "አይሰምጡም እማዬ" አለ። "ነፋሱ ተኛ። እየተመለሱ ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ይኸው ወደቡ ታየ። ይኸው ወረዱ።"

"ደክሟቸዋል። ምን በሉ?"

"ሽሮ ተሠራላቸው።"

"በቅቤ?"

"አርብ ነው እኮ እማዬ።"

"ይሁን። ከባህር ነው የመጡት። ጨምርላቸው፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።"

"ጨመርኩላቸው" አለ።